የኢንሺራሕ ሪዝ

ስማ፣ የሹብራ ሕዝብ! በመስኮት ያለህ ውረድ፣ በመንገድ ያለህ ቁም፣ ቡና ቤት የተቀመጥህ የዶሚኖ ጠጠርህን ከእጅህ አኑር! የሸመዓ መንገድ ነዋሪ፣ የሹብራና የራምሲስ መስመር ሚኒባስ ነጂ፣ የአራት ጀለቢያና የአንድ ታላቅ ሪዝ ባለቤት፣ የኢንሺራሕ ባል፣ የነጅላ አባት ኡስታ በዩሚ፣ ልብስ አጥቦ ማስጣት የሚችል ሰው መሆኑ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ ታውጇል!

አዋጁ ማኅተም የለውም። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሰው ማኅተም የሚመታ መንግሥት እስኪመጣ ብንጠብቅ የታጠበው ልብስ ሳፋው ውስጥ ይሸታል። ስለዚህ እኔው አወጅሁት። የሚቃወም ካለ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ያንኳኳ፤ ግን ጫማውን በር ላይ ያውልቅ፣ ወለሉ ገና አሁን ነው የተወለወለው። ማን እንደወለወለው አልናገርም። ለአንድ ቀን አንድ አዋጅ ይበቃል።

በዩሚን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሪዙን ነው። በዩሚ ራሱ ከሪዙ ቀጥሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ይደርሳል። ሪዙ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ የሚኒባሱን ታርጋ ትቶ እሱን ነበር የሚመዘግበው። ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ ከሰዓት በሐነፊ ቡና ቤት፣ ከነፋስ ማራገቢያው ሥር ይቀመጥና ስለ ወንድነት ያስተምራል። ትምህርቱ ነጻ ነው። ዋጋውም ያው ነው።

«ወላሂ፣ ሳፋ የነካ ወንድ ቀሚስ ይለካለት!» ይላል ጠረጴዛውን እየመታ። «ሚስቱን ሻይ አፍይልኝ ብሎ የሚለምን፣ እሱም ወንድ ነው? እኔ ቤት እኔ ሳስነጥስ ሻይ ይመጣል!»

«አንተማ የታንክ ሰው ነህ፣ ያ ኡስታ» ይለዋል፣ ነጂው ሆይ ማለቱ ነው፣ የቡና ቤቱ ጌታ ሐነፊ፣ ሺሻውን እያቀበለ። «ከታንክ የወረደ ሰው ሳፋ ምን ያደርግለታል!»

በዩሚ እዚህ ላይ ዓይኑን ወደ ሩቅ ይወረውራል። የበረሃውን አቧራ ያየ ይመስላል። ሁለት ዓመት በውትድርና ታንክ ነድቻለሁ ብሎ ያወራው ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ቡና ቤቱ ውስጥ የታንኩን ጎማ ብዛት የማያውቅ የለም። ታንክ ጎማ እንደሌለው የሚያውቅም የለም። እውነቱን ሚስቱ ታውቃለች፦ በዩሚ ሁለቱን ዓመት የጨረሰው ኢስማዒሊያ በሚገኝ የጦር ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ያዘዘው ከባድ መሣሪያ ቢኖር አራት መቶ ሱሪ የሚቀቅል ጋን ነበር።

አሁን ስለ ሸመዓ መንገድ ሕግ ጥቂት ልበል። ሕጉ አንድ ነው፤ የልብስ ገመድ ሕግ። አንሶላ በውጭኛው ገመድ ይወጣል፣ ጠርዙ ከመስኮቱ ደፍ ጋር እኩል። ከአንሶላው ኋላ ፎጣ፣ ከፎጣው ኋላ ሸሚዝ፣ ሸሚዙም ከጫፉ ተይዞ፣ አንገቱ ወደ ታች። ካልሲ ጥንድ ጥንዱን፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ሙታንታና የመሳሰለው ምሥጢር በመጨረሻው ገመድ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ ራሷ አፍራ በምታይበት ቦታ። ይህን ሕግ የጻፈ የለም፤ የደነገገ ጉባኤ የለም። የጣሰው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል፣ ይግባኝ የለውም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ በገባች በሦስተኛው ቀን የባሏን ሙታንታ በውጭኛው ገመድ አሰጣች። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስሟ ግን አሁንም «የሙታንታዋ» ነው። ትልቁ ልጇ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ እንኳ ጎረቤት «የሙታንታዋ ልጅ ገባ» ነው ያለው።

የበዩሚ ሚስት ኢንሺራሕ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፣ በቀን ስድስት መቶ። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ትመለሳለች፤ በዓለም ላይ ማየት የማትፈልገው ነገር ቢኖር ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጁምዓ ጧት፣ የዕረፍት ቀኗ ላይ፣ የታጠበውን ልብስ ገመዱ ላይ የምትጥለው ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነበር። ያረፈው ያርፋል፣ የወደቀው ይወድቃል።

ከፊት ለፊቱ በረንዳ ደግሞ ባህያ አለች። ባህያ አራት ሴት ልጆችና ሁለት የማያርፉ ዓይኖች አሏት።

«ያ ኡም ነጅላ!» ትላታለች የነጅላን እናት፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። «ካልሲሽ ከፎጣው ጋር ተጋባ እንዴ? ሰርጉ መቼ ነው?»

«አንቺን አልጠራም፣ ያ ባህያ! ሩዙን ብቻሽን ትጨርሽብናለሽ!»

ኢንሺራሕ ይህን ብላ ትገባለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ትረሳዋለች። መርሳት ያቃተው በዩሚ ነው። አንድ ጁምዓ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ነጭ ሸሚዙ በአንድ እጅጌው ብቻ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ተሰቀለ ወንጀለኛ ሲወዛወዝ አየ። ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ተቀመጠ። ተነሣ። በመጨረሻ የቤቱን በር ቆለፈ፣ በሆዱ እየተሳበ ወደ በረንዳው ወጣ፣ ከመከታው ሥር ሆኖ እጁን ብቻ ዘርግቶ አንሶላውን በውጭኛው ገመድ ላይ አወጣ። ከአንሶላው ጀርባ ቀና ብሎ ቆመ። ከአንሶላው ወዲህ ያለው ዓለም የሱ ነበር።

ኢንሺራሕ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ዝም በይ! ምንም እየሠራሁ አይደለም!» አለ የልብስ መቆንጠጫ ነክሶ።

እንዲህ ተጀመረ። ፀጉራም ጣቱን ለመሸፈን የሚስቱን ሮዝ የእቃ ማጠቢያ ጓንት አጠለቀ። ከዚያ በኋላ በየጁምዓው መንገዱ የሚያየው ይህን ብቻ ነበር፦ አንሶላው በዝግታ እንደ ባንዲራ ይወጣል፤ ሁለት ሮዝ እጆች ከላይ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገመዶቹ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ይላሉ። ባህያ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ አመነች፣ በመጨረሻ ሰበከች። «ኢንሺራሕን እዩ!» እያለች ነው አራቱን ሴት ልጆቿን ያሳደገችው። «ጣቷን እንኳ ለባዳ አታሳይም! ሴት ማለት እንዲህ ናት! እናንተ ግን እንደ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ትንጠለጠላላችሁ!» ኢንሺራሕም ይህን ሁሉ ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች ትሰማ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ለምስጋናው መልስ ሲያስፈልግ።

ነገሩ በዚህ በተቀመጠ ጥሩ ነበር። ግን ነጅላ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት፤ የምትሸጥበት የመድኃኒት መደብር ማቀዝቀዣም ተበላሸ። ሊጠግን የመጣው ሙንታሲር የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ መጣ። ማቀዝቀዣው ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ደኅና ነበር። ሙንታሲር ሁለት ክፍል ቤቱን እስኪጨርስ ነጅላ ሁለት ዓመት ጠበቀች፤ ሁለት የአክስት ልጅና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለእሱ ብላ መለሰች። የቀረው የእናቱ ፈቃድ ብቻ ነበር።

እናቱ ሐጃ ፋውቂያ ይባላሉ። ሐጃ ፋውቂያ ሙሽራ የሚመርጡት ፊት አይተው አይደለም። «ፊት ይቀባል» ይላሉ። እሳቸው በጁምዓ ጧት በየመንገዱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ገመድ እያዩ ይዞራሉ። ከነጅላ በፊት ሦስት ልጃገረዶችን ሳይተዋወቁ ጥለዋል፤ አንዷን በፎጣ፣ ሁለተኛዋን በካልሲ፣ ሦስተኛዋን ለሰው በማይነገር ነገር። የሸመዓን መንገድ በረገጡበት ጁምዓ ከበዩሚ በረንዳ ሥር ሩብ ሰዓት ቆሙ። ከዚያ ሦስቱን ፎቅ ሳያርፉ ወጡ።

«ያ ገመድ የማን ነው?» አሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ።

«የኛው ነው፣ ሐጃ» አለች ኢንሺራሕ።

«እጁስ? የማን እጅ ነው?»

ኢንሺራሕ ባሏን አየች። ባሏ ጣሪያውን አየ።

«የ… የቤቱ ነው።»

«ገመዱማ የቤቱ ነው፣ ልጄ። እጁን ነው የጠየቅሁት!»

«የእናትየዋ!» ብሎ ጮኸ በዩሚ። «እናቷ አስተማረቻት! ሁለቱም ያሰጣሉ! አንዷ ከአንዷ ትብሳለች!»

ሐጃ ፋውቂያ ተቀመጡ። ሻዩን ቀመሱ። ነጅላን ከእግር እስከ ራሷ ሳይሆን ከክንድ እስከ ጣቷ ተመለከቷት። «ማሻአላህ» አሉ። «እንግዲህ በሚመጣው ጁምዓ መጥቼ ስታሰጪ በዓይኔ አያለሁ። ደስ ካለኝ ሐሙስ ወንዶቹ ይሰበሰቡና ፋቲሓ ይነበባል፣ የእጮኝነቱም ቃል ይታሰራል። ደስ ካላለኝ ሻዩ ጣፋጭ ነበር፣ አላህ ይስጥልኝ።»

በሩ ሲዘጋ ነጅላ አባቷ ላይ ዞረች።

«ባባ! ምን አደረግኸኝ? እኔ ከመቆንጠጫ ጋር የምተዋወቀው ፀጉሬን ስይዝ ብቻ ነው!»

«ትማሪያለሽ። ሳምንት ሙሉ አለን።»

«ሙንታሲር ራሱ እጅ የለውም? ማቀዝቀዣ የፈታ እጅ ካልሲ ማስጣት ያቅተዋል?»

«ልጄ» አለ በዩሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለው ነገር ለወንድ ልጅ የሚነገረው ከሰርጉ በኋላ ነው።»

ነጅላ መሳቅ ጀመረችና አለቀሰች። «ባባ፣ ይህ ጁምዓ ከተበላሸ ሌላ የለኝም። ሐጃ አንድ ጊዜ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ሙንታሲርም የእናቱን ቃል አይሽርም።» በዩሚ ይህን ሲሰማ ሪዙ ወደ ታች ወረደ።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ሳሎኑ የጦር ሰፈር ሆነ። ከማቀዝቀዣው እጀታ እስከ በሩ ቁልፍ ገመድ ተዘረጋ። በዩሚ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመላለሳል።

«ሸሚዝ!»

«በትከሻው…»

«ስሕተት! ሸሚዝ በትከሻው ከተያዘ ትከሻው ላይ ቀንድ ያበቅላል! ከጫፉ! አንገቱ ወደ ታች! ውሃው ወደ ኮሌታው ይውረድ! ድገሚ!»

«ባባ፣ እጄ ዛለ።»

«ወታደር ባይዝል ኖሮ ሱሪው መቼ ይደርቅ ነበር? ካልሲ!»

ኢንሺራሕ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ የዱባ ፍሬዋን ትፈለፍላለች። «በርቺ ልጄ፣ አባትሽ ያሠለጠናቸው ሱሪዎች ሁሉ በማዕረግ ነው የተሰናበቱት።»

«አንቺም ተነሽና ተማሪ!»

«እኔ? እኔ አሥራ አንድ ዓመት የተመሰገንሁበት ሙያ ነው፤ አሁን ምን ቀረኝ ብዬ እማራለሁ?»

ጁምዓ ደረሰ። የሸመዓ መንገድ ወሬ የሚሰማው ከመነገሩ በፊት ስለሆነ መስኮቶቹ ሁሉ ሞልተዋል። ባህያ አራቱን ልጆቿን በቁመት ደርድራ በረንዳዋ ላይ አቁማለች፣ ትምህርት ይሁናቸው ብላ። ሐጃ ፋውቂያ ከበዩሚ በረንዳ ጥግ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። በዩሚ ከበሩ ኋላ፣ መጋረጃውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በካናቴራ ቆሟል። ሊወጣ አይደለም፤ ሊጸልይ ነው።

አንሶላው ወጣ። ደኅና። ፎጣዎቹ ተከተሉ። ይታለፋል። ከዚያ ነጭ ሸሚዙ መጣ። ነጅላ መጀመሪያ ጫፉን ያዘች፣ ሐጃን አየች፣ ጫፉን ለቀቀች፣ ትከሻውን ያዘች።

«ከጫፉ…» አለ መጋረጃው።

አንድ መቆንጠጫ ወደቀና ከሥር ያለ የሸንኮራ ጭማቂ ሻጭ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለ። ነፋስ መጣ። ሸሚዙ ከእጇ አመለጠ፣ ተመለሰ፣ በአንድ እጅጌው ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነጅላም በድንጋጤ እጇ ያገኘውን ከጎኑ ሰካች፤ ካልሲ ነበር። ያውም ነጠላ።

የሚቀጥለውን ብዙዎች በብዙ መንገድ ያወሩታል፤ ሁሉም ውሸታቸውን ነው። የሆነው ይህ ነው። መጋረጃው ተቀደደ። በዩሚ ሮዝ ጓንቱን ሳያጠልቅ፣ በካናቴራ፣ ከነሪዙ ወጣ። ስለ ክብሩ ያሰበ አይመስለኝም፤ ስለ ልጁም ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ያ እጅጌ ነው ያወጣው። ሸሚዙን ነጠቀ፣ አንድ ጊዜ አራገፈው፣ ጨርቁ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ከጫፉ ያዘው፣ ቆነጠጠው። ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንዱን አሰለፈ። ሱሪዎቹን በስፌታቸው አጥፎ ሰቀለ። ሐጃ ፋውቂያ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ በስድሳ ዓመታቸው እንዲህ ያለ እጅ አላዩም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ከአንሶላው ማዶ ያየው ሰው አይኖርም ነበር። ግን ቀና ሲል አንሶላው በአንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለው። ይህን ደግሞ ማለፍ አልቻለም። ሁለቱን መቆንጠጫ ነቀለ፣ በጥርሱ ነከሰ፣ አንሶላውን አወረደ።

የሸመዓ መንገድም ኡስታ በዩሚን አየ።

የጭማቂ ማሽኑ እንኳ ቆመ። ባህያ በአምስት ሜትር ርቀት፣ ዓይን ለዓይን፣ ፊት ለፊቱ ነበረች። ሪዙን አየች። ፀጉራም ክንዱን አየች። በጥርሱ የነከሰውን መቆንጠጫ አየች። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ከጎኗ አራት ሴት ልጆች፣ ከኋላዋ የአሥራ አንድ ዓመት ስብከት ቆመው መልሷን ይጠብቃሉ። ትንሿ ልጇ «እማ፣ ይሄ እኮ…» ማለት ስትጀምር ባህያ አፏን በመዳፏ ከደነቻትና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፦

«ያ ኢንሺራሕ! አላህ ይማርሽ እህቴ! ያ ፋብሪካ ምን አደረገሽ? ሪዝ አበቀልሽ እኮ!»

መንገዱ በሙሉ ተነፈሰ። ከዚያ ከየመስኮቱ ዘነበ፦

«የክር ብናኝ ነው! የክር ብናኝ ፀጉር ያበቅላል!»

«የአክስቴም ምራት እንዲሁ ሆና ነበር! በሎሚ ለቀቃት!»

«ክንዷም እኮ… አይ ድካም! አይ የሴት ልጅ መከራ!»

በዩሚ መቆንጠጫዎቹን ከአፉ አወጣ። ዙሪያውን አየ። «እኔ ነኝ እኮ» አለ። «ድምፅዋም ጎርንኗል!» አለች የአራተኛ ፎቋ፣ ልቧ ተሰብሮ።

ከቀትር በፊት በሩ ላይ ሦስት ሳህን የስኳርና የሎሚ ሙጫ ተቀምጦ ነበር፤ ሴቶች ፀጉር የሚነቅሉበት ዓይነት። እውነተኛዋ ኢንሺራሕ ሦስቱንም በምስጋና ተቀብላ ሻይ ውስጥ አሟሟችው። «ስኳር ስኳር ነው» አለች።

ሐጃ ፋውቂያ ግን በአንድ ክንድ ርቀት ነበሩ። ሳሎን ገብተው ቆመው ተናገሩ።

«ያ ኡስታ፣ እኔ መነጽር አላደርግም፤ አያስፈልገኝም። ያየሁትን አይቻለሁ። ልጅህ ካልሲ ባታውቅም ከእንዲህ ያለ እጅ ትማራለች፤ እሱን አልፌዋለሁ። ወንድሜ ሐጅ መጋውሪ ይህን ቢሰማ ‹ሙንታሲርንም ሳፋ ሊያሲዙት ነው› ብሎ ወሬውን እስከ አሌክሳንድሪያ ያደርሰዋል። ሆኖም መንገዱ ሁሉ ኢንሺራሕ ናት ይላል። አንተም ሐሙስ በወንዶቹ ፊት እንዲያው በል። አንዲት ቃል ናት። ብትላት ፋቲሓው ይነበባል። ባትላት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሲወጡ ነጅላ አባቷን በካናቴራው ያዘችው።

«ባባ፣ አንዲት ውሸት። ለኔ ስትል። ስለ ታንኩ ይህን ሁሉ ዓመት ዋሽተህ የለ?»

«ስለ ታንኩ ማን ነገረሽ?»

«እማ።»

በዩሚ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሻይዋን አየች። «እላለሁ» አለ። «አንዲት ቃል ናት፤ እላለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በወንዶች ሞላ። ሐጅ መጋውሪ፣ የሙንታሲር አጎት፣ ሶፋው መሃል ተቀመጡ፤ ሙንታሲር ከጎናቸው፣ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ። ሐነፊም የበዩሚ ወዳጅ ነውና ተጠርቷል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ የነጅላ እጅ የያዘው የብርጭቆ ትሪ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

«ያ ኡስታ» አሉ ሐጅ መጋውሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ፋቲሓውን ከማንበባችን በፊት አንዲት ወሬ ደርሳናለች፣ እናጥራት። ጁምዓ ዕለት በረንዳው ላይ የነበረው ማን ነው?»

በዩሚ ዓይኑን ጨፈነ። «ኢንሺራሕ ናት» አለ።

ትሪው መንቀጥቀጡን አቆመ። ሐጅ መጋውሪ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መዳፋቸውን ለፋቲሓ ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ነገሩ አልቆ ነበር፤ ሐነፊ ግን ወዳጁን ሊያግዝ ፈለገ።

«እኔማ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለ። «የደከማት ሴት ሥራ መሆኑ ከታች ያስታውቃል። አንሶላው ራሱ ጠሞ ነበር።»

በዩሚ ዓይኑን ገለጠ። «ምን ሆኖ?»

«ወደ ግራ አዘንብሎ። ትንሽ ነው፣ ሁለት ጣት ያህል።»

«አልጠመመም።»

«ያ ኡስታ፣ እኔ እኮ ከታች ነበርኩ…»

«አልጠመመም ነው የምልህ!» በዩሚ ተነሣ። ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ «ባባ፣ በአላህ!» አለ፤ አልሰማም። «በዚህ በአውራ ጣቴ ለክቼ ነው ያሰጣሁት! አንዴ ጠሞ ነበር፣ አወረድሁት፣ አቃናሁት! ሸሚዙንም እኔ! ካልሲውንም እኔ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ! ታንክም ነድቼ አላውቅም፤ የጦር ሰፈር ልብስ አጣቢ ነበርኩ፣ በቀን አራት መቶ ሱሪ፣ አንድም ቀን አንድ ሱሪ ጠመመ ያለኝ ኮሎኔል የለም! አንተ ነህ ዛሬ የምትለኝ?»

የተዘረጉት መዳፎች አየር ላይ ቀሩ። ሙንታሲር ፊቱን ሸፈነ። ከወዲያ የሐጃ ፋውቂያ ድምፅ «አላልኩም?» ሲል፣ አንድ ብርጭቆም ሲሰበር ተሰማ።

ሐጅ መጋውሪ በዝግታ ተነሡ። ከበዩሚ ፊት ቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ሁለት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉና ግንባሩን ሳሙት።

«ይህ ነው ወንድ!» አሉ ወደ ተሰበሰበው ዞረው። «ሰማችሁ? የሚስቱን ሪዝ ለመሸፈን የራሱን ሪዝ አዋረደ! የታንክ ጀግና ‹ልብስ አጣቢ ነኝ› አለ፣ ለሴቲቱ ክብር ብሎ!»

«ያ ሐጅ፣ እውነቴን ነው!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን ወንድሜ። አትድገመው፣ ልባችን አይችልም።»

«ሳፋ አምጡልኝ! እዚሁ አጥቤ አሳያችኋለሁ!»

«አያችሁ?» አለ ሐነፊ አፍንጫውን በመሃረብ እያበሰ። «ለሷ ሲል ሳፋ እንኳ ይነካል!»

ፋቲሓው በእንባ ተነበበ። እልልታው ከመጋረጃው ወዲያ ፈነዳ፤ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ነጅላ ነበረች፣ ሙሽራ እንደማትጮህ ረስታ። ሐጃ ፋውቂያ ግራ ቀኙን አዩ፤ ያለቀሰውን ወንድማቸውን፣ የሚሳሳመውን ሰው። በሳምንቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርበው መነጽር አዘዙ።

አሁን በዩሚ መደበቁን ትቷል። ጁምዓ ጧት በካናቴራ፣ ያለ ጓንት፣ መጀመሪያ ሸሚዙን ያሰጣል፣ አንሶላውን በመጨረሻ። የሚሸፈን የለማ። መንገደኛው ቀና ይልና «እንዴት አደርሽ ያ ኢንሺራሕ! ተሻለሽ?» ይላል፤ ኢንሺራሕም ከወጥ ቤት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ትመልሳለች። ቡና ቤት ሲገባ ሰው ይነሣለታል። ስለ ወንድነት መስበኩን ካቆመ ቆይቷል፤ ቦታውን ሐነፊ ወስዶ «እንደ በዩሚ ሁኑ! ሳፋ አይቶ የማያውቅ ሰው!» እያለ ያስተምራል። በዩሚ አንድ ሁለቴ «ትላንት ብርድ ልብስ አጠብሁ» ብሎ ሞክሮ ነበር። ሺሻው እስኪወድቅ ድረስ እያሳላቸው ሳቁ።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነብ፣ ማኅተም የሌለው አዋጅ ምን ያህል እንደሚራመድ አየህ። አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ ከባድ አይደለም። ጁምዓ ጧት በሸመዓ መንገድ ካለፍህ ከሥሩ ቁምና ቀና በል። አፍህን ሞልተህ፣ ባህያም አራቱ ልጆቿም እስኪሰሙ፣ «እንዴት አደርህ፣ ያ ኡስታ በዩሚ!» በለው። አንድ ሰው ብቻ ቢለው ይበቃዋል። ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት፣ ያን አሁን የለበስኸውን ንጹሕ ሸሚዝ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንዳሰጣው፣ እስቲ መጀመሪያ…